ግንዛቤ ስናስጨብጥ የኖርንባቸው ዓመታት

ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ከወጣትነቴ የመጣ ልማድ ነው። አዳማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። በእኔ ዕድሜ ያለ የናዝሬት ልጅ ብዙው ጥርሱ የበለዘ ነው። ለትምህርት አዲስ አበባ ስሄድ ገና ስሜን ሳልናገር «የናዝሬት ልጅ ነሽ አይደል?» ይሉኝ ነበር። በክፋት አልነበረም። እጄ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወደ አፌ መሄድ ለመደ።

በ2017 ሰኔ ላይ፣ 16 ዓመት የመራሁትን ማኅበር አስረክቤ ወጣሁ። ሲሸኙኝ ብዙ ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገሩ። ጋቢ አለበሱኝ። ቤት ገብቼ ጋቢውን አጥፌ ሳስቀምጥ ግን አንድ ጥያቄ አብሮኝ ገብቶ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ምን ሠራን? ወራት አለፉ፣ ጥያቄው አልተወኝም። መልሱን ሳላሳምር ልጽፈው ፈለግሁ።

ማኅበሩ ትንሽ ነው። ፍራንኮ አካባቢ የተከራየናቸው ሦስት ክፍሎች፣ አንድ ያረጀ ፒካፕ፣ ፕሮጀክት ሲኖር ዘጠኝ ሲጠፋ ሦስት የምንሆን ሠራተኞች። ጉዳያችን የመጠጥ ውሃና ጤና ነው፤ ከሁሉም በላይ ፍሎራይድ።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። ውሃ ከመሬት በታች በዚያ አለት መሃል ሲያልፍ ፍሎራይድ እያሟሟ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል። በእኛ አካባቢ ይህን በብዙ እጥፍ የሚያልፍ ጉድጓድ አለ። ውሃው ሲያዩት ኩልል ያለ ነው። ሽታ የለውም። ልጅ ጥርሱ ድድ ውስጥ እየተሠራ ባለበት ዕድሜ፣ ማለትም እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ይህን ውሃ ከጠጣ ጥርሱ በልዞ ይወጣል። በመፋቂያም በሳሙናም አይለቅም። ዓመታት ሲደራረቡ ደግሞ ወደ አጥንት ይገባል። አንገት ይደርቃል። ወገብ አልታጠፍ ይላል። ሲብስ የአከርካሪውን ነርቭ ተጭኖ እግር ያሰንፋል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በስምጥ ሸለቆ ያለውን የአጥንት ፍሎሮሲስ፣ ነርቭ ላይ እስከሚያደርሰው ጉዳት ድረስ፣ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ አጥንተው ጽፈውታል። እኔ ያኔ ከጉድጓድ የተቀዳውን ውሃ በጣሳ እየጠጣሁ ኳስ የምጫወት ልጅ ነበርኩ። ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ፣ ከተማዋ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ውሃ አገኘች። ከእኔ በኋላ የመጡት የአዳማ ልጆች በዚያ ተረፉ። ከከተማው ወጣ ሲባል ግን ጉድጓዱ እንዳለ ነው።

አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ማኅበሩ ከመግባቴ በፊት ነርስ ሆኜ ጤና ጣቢያ ስሠራ እናቶችን «ውሃ አፍልታችሁ ስጧቸው» እል ነበር። ለጀርም ትክክል ነው። ለፍሎራይድ ግን ማፍላት ምንም አይረዳም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ብረት ድስቱ ውስጥ ቀርቶ ይወፍራል። አንዲት እናት ምክሬን ሰምታ ለዓመታት በየቀኑ እንጨት እየለቀመች ታፈላ ነበር። የልጇ ጥርስ ሲወጣ ይዛው መጣች። «ሲስተር፣ አፍልቼ ነበር እኮ» አለችኝ። የዚያች እናት ፊት ነው ወደዚህ ሥራ የወሰደኝ።

ማኅበሩን የተረከብኩት በ2001 ነው። በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ወጣ። በዘርፉ የነበረ ሰው ይህን ቁጥር እንደ ስልክ ቁጥሩ ያስታውሰዋል። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ጉዳይ መሥራት አይችልም ተባለ። የእኛ የአባላት መዋጮ ለቢሮ ኪራይ እንኳ አይበቃም ነበር። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሒሳብ ሠራተኛችን ጋር ቁጭ ብለን «መብት» የምትለዋን ቃል ከሰነዶቻችን ለቅመን አወጣናት። «የንጹህ ውሃ መብት እንዲከበር መሟገት» የሚለው ዓላማ «በንጹህ ውሃ ዙሪያ ግንዛቤ ማስጨበጥ» ሆነ። ኮምፒዩተር ላይ ቃል ፈልጎ መተካት ደቂቃ አይፈጅም። ከሰዓት በኋላ ጨርሰን ወደየቤታችን ሄድን።

ያን በማድረጋችን አልጸጸትም። ያኔ ብዙ ድርጅት ተዘግቷል፤ ብዙው እንደ እኛ ስሙንና ሥራውን ቀይሮ አድሯል። የምጸጸተው እያደር ቃሉን ስላመንነው ነው።

ግንዛቤ ማስጨበጥ ይመቻል። ማንም አይቆጣህም። የወረዳው ኃላፊ መጥቶ መክፈቻ ንግግር ያደርግልሃል፣ ፎቶ አብሮህ ይነሳል። ለጋሹ የተሳታፊ ብዛት ይጠይቅሃል፣ አንተም ትቆጥርለታለህ። አዳማ ደግሞ የስብሰባ ከተማ ናት። የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ሁሉ ለሥልጠና ወደ እኛ ይወርዳል፤ የሆቴሎቻችን ግማሽ ኑሮ ከዚያ ነው። ባነር፣ የሻይ እረፍት፣ አበል የሚፈረምበት ወረቀት፣ ስማችን የታተመበት ካኔቴራ። እኛም ገባንበት። የሩብ ዓመት ሪፖርታችን ሁልጊዜ ሙሉ ነበር።

አንድ ቀን በእንደዚህ ያለ አዳራሽ ስለ ፍሎራይድ እያስረዳሁ ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። በየሰው ፊት አንድ አንድ ሃይላንድ ውሃ ቆሟል። ከኋላ ረድፍ ከገጠር የመጡ ሦስት እናቶች ነበሩ። አንደኛዋ የደረሳትን ውሃ አልከፈተችውም። ቀስ ብላ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። ለልጇ ልትወስድለት ነው። እኔ መድረክ ላይ ቆሜ ንጹህ ውሃ ለሕፃን ለምን እንደሚያስፈልግ እያስረዳኋት ነበር።

ያን ቀን ግን ገና አልገባኝም። የደነገጥኩት በኋላ፣ ሳስበው ነው።

በ2004 ገንዘብ አግኝተን ማጣሪያ አስገባን። የከብት አጥንት በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሎ ከሰል ሲሆን ፍሎራይድ ይይዛል። ሳይንሱ ልክ ነው፤ ኬንያም ሲሠራበት ኖሯል። ከሰሉ የተሞላባቸውን ባልዲዎች ለየቤቱ አደልን። ከምን እንደተሠራ ግን በወጉ አልተናገርንም። «የተፈጥሮ ማጣሪያ» ብለን አለፍነው። ዓቢይ ጾም ሲገባ ወሬው መንደር ደረሰ። ጿሚው «አጥንት ኖሯል የምንጠጣው?» አለ። ሙስሊሞቹም «ማን ያረደው ከብት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ነው። ቀድመን ከቄሱም ከሼኹም ጋር ተቀምጠን መነጋገር የእኛ ድርሻ ነበር፤ አላደረግነውም። ፋሲካ ሳይደርስ ባልዲዎቹ የእህል ማስቀመጫ ሆኑ።

ለለጋሹ በላክነው ሪፖርት ላይ ምክንያቱን እኔው ራሴ ጻፍኩ። «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት።» ወረቀቱ ዛሬም ፋይል ውስጥ አለ። ስጽፈውም ሳስረክብም አንብቤዋለሁ፤ በሁለተኛው ጊዜ ፊቴ ጋለ።

ቀጥሎ በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ የሚያጣራውን ዘዴ ሞከርን። ሕንድ አገር የተፈጠረ ነው፣ ናልጎንዳ ይሉታል። በየቀኑ መለካት፣ ማማሰል፣ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ዝቃጩን መድፋት ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ከእርሻና ከልጅ ጋር ነው፤ የሚሠራውም ያው የእናት እጅ ነው። ኬሚካሉ በጊዜ መድረስ ሲያቆም እሱም ቆመ።

ከዚያ 2006 መጣ። ከአዳማ ብዙ የማይርቅ መንደር ነው፣ ስሙ ይቅር። ፍሊፕ ቻርታችንን ግራር ላይ ሰቅለን የአጥንቱን በሽታ የሚያሳየውን ሥዕል ገለጥን። የጎበጠ ሰው ነው። እያስረዳሁ ሳለ አዴ እያልን የምንጠራቸው አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። አጠገባቸው ባለቤታቸው ግራሩን ተደግፈው ቆመዋል። መቀመጥ ስለሚያስቸግራቸው ነው የቆሙት። ሰው ሲጠራቸው አንገታቸው አይዞርም፤ እግራቸውን አንስተው መላ ሰውነታቸውን ያዞራሉ። ገበሬ ናቸው። ቀና ብለው ሰማይ ማየት ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ደመና መኖሩን የሚነግሯቸው ልጆቻቸው ናቸው።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ አዴ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሥዕሉን ለምን ታሳዪናለሽ? ይኸው አጠገቤ ቆሟል። ከውሃው መሆኑን አባቴም ያውቅ ነበር። ሌላው ውሃ የት እንዳለ ንገሪኝ፣ እሱን እጠጣለሁ።»

ገጹን ገለጥኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። የሚቀጥለው ገጽ «ንጹህ ውሃ እንጠጣ» ይላል። ቧንቧ ተስሎበታል። በዚያ መንደር ቧንቧ የለም።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ማንም አላወራም። የአዳማ ንፋስ አቧራውን እያነሳ መስታወቱ ላይ ይበትነዋል። እኔ የማስበው ስለ አንድ ነገር ነበር። አባታቸው ያውቁ ነበር። ሐኪሞቹ ያውቁ ነበር። እኛም እናውቃለን። ታዲያ ለአምስት ዓመት ማንን ነው ስናሳውቅ የኖርነው?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ንጹህ ውሃ ለሁሉም እንዲዳረስ ይላል። ይህን አንቀጽ ግራሩ ሥር ቆመን ማንበብ «የመብት ሥራ» ይባልብናል ብለን እንፈራ ነበር። ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። ግን አንድ ነገር ሳናስተውል ቆይተናል። አዋጁ ያሰረው እኛን ነው። አዴን አላሰራቸውም። የወረዳው ነዋሪ ናቸው፤ የውሃ ጽሕፈት ቤት ሄደው «ውሃ አምጡ» ለማለት የማንም ፈቃድ አያስፈልጋቸውም።

የጎደላቸው አንድ መረጃ ነበር። እሱም ስለ ጥርስ አልነበረም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በሰኔ የሄደ ሰው «በጀት ተዘግቷል» ይባላል። በመስከረም የሄደ «ለሚቀጥለው ዓመት» ይባላል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ለዓመታት ሲሄዱ የነበረው ከመኸር በኋላ፣ ሥራ ሲቀል ነው። እቅዱ የሚጻፈው ግን ሚያዝያ አካባቢ ነው። እኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ወሩን መንገር ነው።

በ2007 ሚያዝያ ሄዱ። እኔ አብሬ አልሄድኩም፤ አለመሄዴ ይሻል ነበር። የውሃ ኮሚቴው ጸሐፊ የሆነችው ልጅ ነች የነገረችኝ። ሴቶቹ ሕፃናት አዝለው፣ አዴ ባለቤታቸውን ይዘው፣ በአይሱዙ ተጭነው ወረዳ ገቡ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባሉ። ጠበቁ። በመጨረሻ ገቡ። ኃላፊው ወጣት ነው። ተነስቶ «አባባ ይቀመጡ» አላቸው። ወንበሩ ዝቅ ያለ ሶፋ ነበር። አባባ አልቻሉም። «ቆሜ ይሻለኛል» አሉ። በእኛ አገር ሽማግሌ ቆሞ ወጣት አይቀመጥም። ስለዚህ ኃላፊውም አልተቀመጠም። መሐንዲሱም፣ ጸሐፊዋም፣ ሴቶቹም ሁሉ ቆሙ። ያ ስብሰባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቁም ተካሄደ።

አባባ አንድም ቃል አልተናገሩም አለችኝ። ኃላፊው የሆነ ጊዜ ላይ ከጎን ሆኖ አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው መላ ሰውነታቸውን አዙረው አዩት። ከዚያ በኋላ ነው መሐንዲሱ ማስታወሻውን ያወጣው።

ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። ጥናት ተባለ። ዲዛይን ተባለ። በ2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ቁፋሮው ቆሞ ከረመ። አዴ በየሚያዝያው ይሄዳሉ። በ2010 ጥር ላይ የተጣራ ውሃ የሚመጣበት መስመር ተቀጥሎ ሁለት ቦኖ ተተከለ። ለአባባ አንገት ቦኖው ምንም አላደረገላቸውም፤ የደረቀ አንገት አይመለስም። ውሃውን ግን በጣሳ ተቀብለው «ቀለለ» አሉ። ከዚህ ሌላ ያሉትን አላስታውስም።

በዓመቱ፣ በ2011፣ ሁለት አዋጆች ተከታትለው ወጡ። ቁጥራቸው እንኳ ጎረቤት ነው። 1112/2011 የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ነው። ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከለከለ፣ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደ፣ ሲጋራና አልኮል ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ አደረገ። እኔ ያን አዋጅ ሳነብ በጣም ተደስቻለሁ። ስለ ሲጋራ ጉዳት ስንት ዘመን ተለጥፏል፣ ስንት ዘመን ተነግሯል። አስተናጋጇ ግን የሰው ጭስ ላለመተንፈስ የሚያስፈልጋት ፖስተር አይደለም።

1113/2011 ደግሞ የእኛ ነው። የ10 በመቶውን ገደብ አነሳ። «መብት» ብለን መጻፍ ቻልን። ቢሮ ውስጥ ቡና አፈላን።

የዚያን ክረምት የጻፍነውን ፕሮፖዛል አንድ ወጣት ባልደረባችን አንብቦ ወደ ክፍሌ ገባ። «ሲስተር፣ አሁን እኮ የሚከለክለን የለም። ለምን አሁንም እንዲህ እንጽፋለን?» አለኝ። አየሁት። «ግንዛቤ» በየገጹ አለ። ማንም አላስገደደንም። ቅጹ የተዘጋጀ ስለነበረ፣ እጃችን ስለለመደው፣ የሆቴሉ ዋጋ ስለሚታወቅ። አስር ዓመት በጉልበት የያዝነው ቃል የራሳችን ሆኖ ነበር። አዴ ግራሩ ሥር የነገሩኝን ሰምቼ እንኳ እንዲህ ነበርኩ። አንድ መንደር ላይ የተማርኩትን ቢሮዬ ይዤው አልገባሁም።

ከዚያ በኋላ ቀስ እያልን ለወጥን። የአዳራሽ ሥልጠናውን ቀነስን። የፍሎራይድ መለኪያ መሣሪያ ገዝተን ከጉድጓድ ጉድጓድ ዞርን። ውጤቱን በኦሮምኛና በአማርኛ ጽፈን መጀመሪያ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለጠፍን። አንድ መሥሪያ ቤት «ሕዝብ ታሸብራላችሁ» ብሎ ጠራን። ወረቀቱን አላነሳንም። በፍሊፕ ቻርቱ ፋንታ አንድ ገጽ አዘጋጀን። በጀት በየትኛው ወር ይጻፋል፣ ማን ይጽፈዋል፣ የትኛውን በር ማንኳኳት ያስፈልጋል፣ «ተዘግቷል» ሲባል ቀጥሎ የት ይኬዳል። ያን ወረቀት የወሰዱ መንደሮች ሁሉ ውሃ አላገኙም። ወረዳቸው በእውነት ገንዘብ የሌለው አሉ። መስመር የሚያልፍበት ቅርብ ያልሆነላቸው አሉ። ለእነሱ የዝናብ ውሃ በጣሪያ ማጠራቀምን ነው የምንመክረው፤ የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ግን ለዓመት አይደርስም።

ስለ ድካሙ ብዙ አልጽፍም። ያለ ደመወዝ ያለፉ ወራት ነበሩ። ጥለውን ወደ ትልልቅ ድርጅት የሄዱ ጎበዝ ልጆች ነበሩ፤ አልቀየምኳቸውም። እናቴን ታማ ሳለች ከምጠይቃት በላይ ለጋሽ ጠይቄያለሁ። ይህን ራሷም ታውቅ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት፣ ኃላፊነት ከለቀቅሁ በኋላ፣ አዴን ልጠይቅ ብቻዬን ሄድኩ። ቦኖው እየሠራ ነበር። ሁልጊዜ ግን አይደለም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል፤ ያኔ ጀሪካኑ ወደ ድሮው ጉድጓድ ይመለሳል። አዴ ስለዚህ ጉዳይ ለሚያዝያ ደብዳቤ እያስጻፉ ነው። «አንቺ ጡረታ ወጣሽ፣ እኔ ገና ነኝ» አሉኝና ቆሎ አቀረቡልኝ።

የልጅ ልጃቸው መጣች። ቦኖው በተተከለበት ዓመት የተወለደች ናት፣ 8 ዓመቷ። የላይኛው የፊት ጥርሶቿ አዲስ ናቸው፤ ጠርዛቸው ገና እንደ መጋዝ ነው። «እስቲ ሳቂልኝ» አልኳት። አፏን ከፍታ ሳቀች። ነጭ ናቸው። ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው። «ምን ታያለሽ?» አለችኝ። «ጥርስሽን» አልኳት። የባሰውን ሳቀች።

ወንድሟ 13 ዓመቱ ነው። ጀሪካን ይዞ አጠገባችን ቆሟል። እሱም በእህቱ ሳቀ። እጁ አፉ ላይ ነበር።